ለታቢታ የምትሆን ውሻ

በ1970 ዓ.ም. አዋሳ ውስጥ ውሻ የሚፈልግ ሰው የሚጮኽና የሚናከስ ነበር የሚፈልገው። ሙሉጌጥ ግን ትንሽ፣ ከእግር ሥር የማትጠፋ፣ ሰው ሲመጣ የማትጮኽ ውሻ ፈለገች። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል አብረዋት ዓሣ የሚበልቱት ሴቶች ይህን ሲሰሙ ሳቁባት። አንዷማ የአምባዛ ሆድ እየቀደደች፣ “ታዲያ ድመት አትገዢም?” አለቻት።

ሙሉጌጥ ቢላዋዋን መሳል ቀጠለች። ውሻዋ ለልጇ ለታቢታ ነበረች። ታቢታ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ደብተሯ ውስጥ የተከለከለ ወረቀት ተገኘ ተብሎ ቀበሌ አራት ወር ታስራ ነበር። እዚያ ገልብጠው ሰቅለው ውስጥ እግሯን ገርፈዋታል። ስትመለስ ቆዳው ተልጦ ሥጋው ይታይ ነበር። እናቷ ለብ ባለ የጨው ውሃ እያጠበች ቁስሉን አደረቀችው። እግሩስ ዳነ። ቤት ውስጥ ብቻዋን ስትቀር ግን ድምፅዋ እስኪዘጋ ትጮኻለች። ጎረቤት መጀመሪያ አዘነ፣ ቀጥሎ ሰለቸው፣ በኋላ ደግሞ ይህቺ ልጅ እኛንም ታስበላናለች ማለት ጀመረ። ሙሉጌጥ ካልሠራች ደግሞ ቤቱ አይበላም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ደረሰ የሚባለው፣ የሚውልላት ሰው ከሌለ እንስሳም ቢሆን ከጎኗ አኑሪ፣ ነፍስ ያለው ነገር ሲነካት ትረጋ ይሆናል ብሏታል። ትልቅ ውሻ እንደማይሆን ሙሉጌጥ ራሷ ታውቃለች። ቀበሌው ግቢ ውስጥ ትልቅ ውሻ ነበር፤ ታቢታ ስለ እሱ ስትጠየቅ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

ትንንሾቹ ውሾች ያሉት እትዬ ወለተጊዮርጊስ ዘንድ ነበር። እትዬ ወለተጊዮርጊስ የአንድ ጣሊያን ባለእርሻ ቤት ጠባቂ ነበሩ። እርሻው ሲወረስ ጣሊያኑ አገር ጥሎ ሄደ፤ ለእሳቸው የተረፏቸው ሁለት ነጫጭ ውሾችና ከእነሱ የተወለደች አንዲት ሴት ውሻ ናቸው። ጠጉራቸው እንደ ጥጥ የተጠቀለለ፣ ቁመታቸው ከድመት እምብዛም የማይበልጥ ነበሩ። ታናሺቱን ለመስጠት አስበዋል፤ ግን ለመጣ ሁሉ አይደለም።

“ሦስት ቅዳሜ ትመጫለሽ” አሏት። “ሙሽራ እንኳ ሲታጭ ይጠየቃል። ስለ ዋጋው ያኔ እናወራለን።”

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሙሉጌጥ፣ እነዚህ ቡችሎች ሲያድጉ ምን ያህል ይሆናሉ ብላ ጠየቀች። አሮጊቷ ሳቁ፤ እናቲቱ ስምንት ዓመቷ ነበር። ጠጉራቸው እንደማይረግፍ፣ ግን በየቀኑ ካልተበጠረ ተቋጥሮ ቆዳቸውን እንደሚያቆስል ነገሯት። ዓይናቸው ስለሚያለቅስ ጧት ጧት ይጠረጋል። ውጭ አያድሩም፣ የሐይቁ ብርድ ያስላቸዋል። ከሁሉም በላይ ብቻቸውን መቅረት አይችሉም፤ ከቀሩ ይታመማሉ። ሙሉጌጥ ይህን ስትሰማ ልጇን አሰበች። እንዲህ ያለ ሰው ቤቷ አላት።

በሁለተኛው ቅዳሜ ከአንድ ዘበኛ የለመነችውን፣ የቀበሌ ጠባቂዎች የሚያደርጉትን ዓይነት ከስክስ ጫማ በዘንቢል ይዛ መጣች። በረንዳው ላይ አጥልቃው እየረገጠች ወዲያ ወዲህ አለች። እትዬ ወለተጊዮርጊስ ያበደች መሰላቸው። እናትና አባት ውሾቹ ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ጮኹባት። ታናሺቱ ሊላ ግን ቀርባ ጫማውን አሸተተችና አገጯን አሳርፋበት ተኛች። ሙሉጌጥ እዚያው ቆርጣ፣ “ይህቺ ናት” አለች።

ሦስተኛው ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ከተማው ውስጥ ያበደ ውሻ ሰው ነከሰ። ቀበሌው ባለቤት የሌለው ውሻ ሁሉ እንዲወገድ አዘዘ። ሙሉጌጥ በሦስተኛው ቅዳሜ ጧት ስትመጣ መንገዱን ሁሉ ዋይታ ሞልቶታል። አንድ ጋሪ የተፈነከቱ ውሾች ጭኖ አለፋት፤ ከመካከላቸው አንዱ እግሩን ገና ያንቀሳቅስ ነበር።

ሙሉጌጥ ገና እንደገባች፣ እትዬ ወለተጊዮርጊስ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው እናቲቱን ውሻ ሲያበጥሩ፣ ታቢታ የታሰረችበት ቀበሌ አብዮት ጠባቂ ኩማ ሦስት ሰዎች አስከትሎ ገባ። በእጁ ፌሮ ብረት ይዟል።

“ባለቤት የለም?” አለ።

አሮጊቷ ዘወር እንኳ አላሉም። “የለም ልጄ። ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ” አሉ።

ኩማ በአገጩ ምልክት ሰጠ። የመጀመሪያው ዱላ እናቲቱን እዚያው ጉልበታቸው ላይ አገኛት፤ ደሟ ነጠላቸው ላይ ተረጨ። አባትየው ሊሸሽ ሲል ወገቡን ሰበሩት፣ ከዚያ አንዱ ራሱን በጫማው ጨፈለቀው። እትዬ ወለተጊዮርጊስ፣ “የኔ ናቸው፣ እኔ ነኝ ባለቤታቸው” እያሉ መሬት ላይ ይድኹ ነበር። “ባለቤት ሲለኝ ባሌን መስሎኝ ነው እኮ።”

“አንዴ የለም ብለሻል” አለ ኩማ። ሰዎቹ ሳቁ።

ሊላ ሙሉጌጥ ቀሚስ ሥር ገብታለች። ሙሉጌጥ ጎንበስ ብላ አነሳቻት። ዝም ብትል ወደ ቤቷ በሰላም ትሄዳለች፤ ከተናገረች ኩማ ማን እንደሆነች ያውቃል። ይህን ሁሉ አስባዋለች።

“ይህቺ ባለቤት አላት። እኔ ነኝ” አለች።

ኩማ አተኩሮ አያት። “የታቢታ እናት አይደለሽ? ልጅሽ አሁንም ትጮኻለች አሉ። ተራ የምትቀበላት ፈልገሽላት ነው?”

ቀጥሎም ፌሮውን አንስቶ፣ “ልቀቂያት” አላት። አለቀቀችም። ፌሮው ቀኝ ክንዷ ላይ አረፈ፤ አጥንቷ ሲሰበር በጆሮዋ ሰማችው። ሁለተኛው ትከሻዋን መታት፤ በጉልበቷ ወደቀች፣ ውሻዋን ግን ሆዷ ሥር አደረገቻት። ሦስተኛው ጀርባዋ ላይ ነው። ከዚያ ኩማ ላቡን ጠረገ።

“ውሰጃት” አላት። “ስትጮኽ ከሰማሁ ግን ሁለቱንም ነው የምወስዳቸው፤ እሷንም ልጅሽንም።”

ዋጋ ያነሳ አልነበረም። እትዬ ወለተጊዮርጊስ የሞቱትን በነጠላቸው ሲጠቀልሉ ትታቸው ወጣች።

ጤና ጣቢያ ሄዳ ደረሰ ክንዷን በእንጨት አሰረላት። ሊላ ግን ያቺ የመጀመሪያዋ ሊላ አልነበረችም። በመንገድ የጫማ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ትንቀጠቀጣለች፣ ማላዘን ትጀምራለች። ሙሉጌጥ ሁለት ቀን ሙሉ አፏን በእጇ ይዛ ዋለች። ለዚህ ነው ክንዴን ያስሰበርኩት ብላ አሰበች፤ ግን ለማዘንም ጉልበት አልነበራትም።

ማክሰኞ ጧት ሥራ መግባት ግድ ሆነ። ሁለቱን ቤት ትታ በሩን ዘጋች፤ ከመሄዷ በፊት ግን ግድግዳውን ተደግፋ ማዳመጥ ጀመረች። ወዲያው ጠባቂዎች በሰልፍ መጡ። ሊላ ማላዘን ጀመረች። ሙሉጌጥ ዓይኗን ጨፍና የልጇን ጩኸት ጠበቀች።

“እሽሽ” አለች ታቢታ ከውስጥ። “ዝም በይ። ያልፋሉ። እጄን ነካ አድርጊና ዝም በይ።”

ጫማዎቹ እየራቁ ሄዱ። ሙሉጌጥ ቢላዋዋን በግራ እጇ ያዘችና ወደ ሐይቁ ወረደች።