የማክሰኞው ኢንጂነር

ደብረ ታቦር ውስጥ ኢንጂነር ዳኛቸውን የማያውቅ ካለ ካርዱ ያልደረሰው ሰው ነው። ካርዱን የማትመው እኔ ነኝ። አዳነ እባላለሁ፤ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤት የእኔ ናት። ካርዱ «የትርፍ ሰዓት ዋና የቴክኖሎጂ ኃላፊ» ይላል። መጀመሪያ ሲያሳትም «ትርፍ ሰዓት» የሚለውን በትንሽ ፊደል፣ «ዋና» የሚለውን በትልቅ ያድርጉልኝ አለኝ። አደረግሁለት።

የአንበሳሜ ከተማ ልጅ ነው። ኮምፒውተር ተምሮ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ ወረቀት የነከሰ ፕሪንተር ሲፈታ ከረመና ተመለሰ። እዚህ ሲደርስ ግን የፕሪንተሩን ወሬ መንገድ ላይ ጥሎት ነው የመጣው። ያን ሰሞን ከተማችን ውስጥ ስታርታፕ የሚባል ነገር ገብቶ፣ ሦስት ወጣት አንድ ጠረጴዛ ከተከራየ ድርጅት መባል ተጀምሮ ነበር። ሁሉም ሐሳብ አላቸው፤ ሐሳቡን ስልክ ላይ የሚያስገባላቸው ግን የላቸውም። ሙሉ ሰው ለመቅጠር አቅም ስላልነበራቸው ዳኛቸው ራሱን ከፋፍሎ አቀረበላቸው። ሰኞ በስልክ በግ ለሚያሻሽጠው ለአስናቀ፣ ማክሰኞ ለድንች ነጋዴዋ ለፈሪዳ፣ ሐሙስ ደግሞ ሐሙሲት ወርዶ የሚኒባስ ወረፋ ለሚያስይዙ ልጆች ደረሰ። ረቡዕና ዓርብ ያስባል።

አንድ ቀን «ለሦስት ቤት እንዴት ትበቃለህ?» አልኩት።

«ጋሼ አዳነ፣ የነፍስ አባት ለስንት ቤት ይበቃል?» አለኝ። «አብሮ አያርስ፣ አብሮ አያጭድ። ብቅ ብሎ ይመክራል፣ ጠበል ረጭቶ ይሄዳል። እኔም እንደዚያው ነኝ።»

ጥሩ መልስ ነበር። የእኔ የነፍስ አባት ግን ሲመጡ ቢያንስ የማን ቤት እንደገቡ ያውቃሉ።

ሐቁን ለመናገር አንድ ደህና ሥራ ሠርቷል። የደብራችንን ምእመናን የሚመዘግብ ሥርዓት ሠርቶ ለሰበካ ጉባኤው በነፃ ሰጠ። ስም፣ የክርስትና ስም፣ የነፍስ አባት፣ ቀበሌ፣ ስልክ ይጠይቃል፤ ዛሬም ያለ እንከን ይሠራል። ችግሩ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ አለመሥራቱ ነው።

ፈሪዳ የጨርቅ ነጋዴው የከማል ልጅ ናት። ጨርቁ አልሆነላትም፤ ልቧ ድንች ላይ ነው። ከጉና ተራራ ሥር ያሉ ገበሬዎች ድንቻቸውን በአህያ ጭነው ይመጡና የጭነት መኪናው ይቀራል። እነሱ ተስፋ ቆርጠው ሲመለሱ ደግሞ ይመጣል። ድንቹ ደጅ እንደተከመረ ዝናብ ይመታውና ይበሰብሳል። እሷ የምትፈልገው ገበሬው በስልክ ተመዝግቦ መኪናው የሚመጣበትን ቀን እንዲያውቅ፣ ድንቹም እስከዚያ ድረስ ጣራ ሥር እንዲቆይ ነው። በግንቦት ለወጣት ድርጅቶች ውድድር ወጣ፤ ሽልማቱ ለአንድ ዓመት የሚሰጥ የቆርቆሮ መጋዘን ነበር። አባቷ ቁርጡን ነገሯት። መጋዘኑን ካገኘች ትቀጥላለች፤ ካላገኘች ክረምቱ ሳይገባ ወደ ጨርቁ ሱቅ ትመለሳለች።

ዳኛቸው ማክሰኞ ማክሰኞ እየሄደ ስለ ስትራቴጂ ያወራላታል። ላፕቶፑን ከፍቶ የተሞላ ዝርዝር ያሳያታል፤ ልንካው ስትለው «ገና ነው፣ አልበሰለም» እያለ ይዘጋዋል። ማመልከቻውንም እሱ ራሱ ሞላላት።

ሦስቱን ድርጅቶቹን ለአንዱ ውድድር አስመዝግቦ ሦስቱንም ማመልከቻ እኔ ዘንድ አመጣ። ሳትማቸው የተያያዘውን የስልኩን መመዝገቢያ ገጽ ሥዕል አየሁ። የበጉ አረንጓዴ፣ የሚኒባሱ ሰማያዊ፣ የድንቹ ቀይ ነው፤ ከቀለሙ በቀር ያው አንድ ናቸው። የክርስትና ስም፣ ቀጥሎ የነፍስ አባት፣ ከጎናቸውም ካልተሞላ አያልፍም የምትለዋ ኮከብ። ኮፒ ማድረግ የእኔ ሥራ መስሎኝ ነበር። ፈሪዳ ለነፍስ አባቷ የማንን ስም እንደምትጽፍ አሰብኩና ለብቻዬ ሳቅሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ጠርዤ ሰጠሁት።

በውድድሩ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ እኔም ለማየት ሄድኩ። ዳኛቸው መመዝገቢያው ያለበትን ስልክ ለፈሪዳ የሰጣት የዚያን ዕለት ጠዋት ነው። እሷም ከጉና ሥር ገበሬውን አያ ሙላቴን ይዛ መጣችና ሰው ፊት ልትመዘግባቸው ጀመረች። ስልኩ ላይ የሚታየው ሁሉ ግድግዳው ላይ ጎልቶ ይታያል። ስማቸውን ጻፈች። ከሥሩ ያለውን ጥያቄ አንብባ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻቸው።

አያ ሙላቴ ሽቅብ አዩአት። «የክርስትና ስሜን?» አሉ። «እሱንማ የሚያውቁት ቄሴ ናቸው። በመተተኛ እጅ ቢገባስ? ለድንች ብዬ ስሜን አላወጣም ልጄ።»

ልክ ናቸው፤ እኔም ብሆን አልሰጥም። ፈሪዳ «እንግዲያው በእኔ እንሞክረው» ብላ ስሟን ጻፈች። የክርስትና ስም ላይ ሲደርስ ጣቷ ቆመ። እንደምንም «የለኝም» ብላ ሞላችና ወደ ቀጣዩ አለፈች። ግድግዳው ላይ የአራቱ የደብራችን ካህናት ስም ተደርድሮ ወጣ፤ የነፍስ አባትሽን ምረጪ ይላታል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ከዳኞቹ አንዱ እንባቸውን እየጠረጉ ኃላፊው ያስረዳ አሉ። ዳኛቸው ተነሣ። «ይህ የተጠቃሚን ማንነት የማረጋገጫ ስትራቴጂ ነው» አለ። ፈሪዳ አልሳቀችም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በዝግታ አስቀምጣ ወረደች።

ከእሷ ቀጥሎ አስናቀ ያንኑ ሥርዓት በአረንጓዴው ይዞ ወጣ። እሱ ያመጣው በግ አርቢ ዲያቆን ነበር፤ የክርስትና ስሙንም የነፍስ አባቱንም ሳያቅማማ ሞላው። አለፈ፤ ተጨበጨበለት። መጋዘኑም ለእሱ ተሰጠ። በግ የቆርቆሮ መጋዘን ምን እንደሚያደርግለት የጠየቀ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ዳኛቸው ካርዱ ላይ «ተሸላሚ» የሚል እንድጨምርበት መጣ። «ከሦስት አንዱ ማለፉ ትልቅ ውጤት ነው» አለኝ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል፤ እሱ ሦስት ተክሏል። የተሰበረው ባላ ላይ ማን ተንጠልጥሎ እንደነበር አላነሣም። እኔም አላነሣሁበትም፤ «ተሸላሚ» የሚለውን በትልቁ አትሜ ሰጠሁት።

ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ጨከነ። በመናኸሪያው ጓሮ የተከመረው ድንች ሽታው ሱቄ ድረስ ይመጣል። የአስናቀ መጋዘን እንደተቆለፈ ነው፤ በጎቹ ደጅ ይግጣሉ።

ፈሪዳ ወደ ጨርቁ ተመልሳለች። አንድ ቀን ደብተር ይዛ መጣችና ሁለት ገጽ ሰጠችኝ። አንደኛው ላይ የገበሬዎቹ ስም፣ ቀበሌና ስልክ፣ ሁለተኛው ላይ የሾፌሮቹ ስልክና የሚወጡበት ቀን በእጅ ተጽፏል። ሠላሳ ሠላሳ ኮፒ ፈለገች። ገበሬዎቹ ራሳቸው ለሾፌሮቹ እንዲደውሉ በአያ ሙላቴ በኩል ልትልክላቸው ነው።

«ስልክ ላይ እንዲገባልኝ የፈለግሁት ይኼው ነበር» አለችኝ። ማሽኑ የሚያወጣውን ወረቀት መቁጠር ጀመረች። «ማመልከቻዬን ያተሙት አንቱ ነዎት አይደል፣ ጋሼ?»

«እኔ ነኝ።»

«የነፍስ አባት የሚለውን አይተውት ነበር?»

አላየሁም ማለት እችል ነበር። በቀን ስንት ወረቀት በእጄ ያልፋል። «አይቼው ነበር» አልኳት። ወረቀቶቹን አስተካክላ ጉያዋ ውስጥ ከተተች።

«ዳኛቸውስ ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነበር የሚመጣው» አለች። «አንቱ ግን በየቀኑ እዚሁ ነዎት።»