ለማስተዋል ያልተነሳ ኳስ

ማስተዋል የጎረቤላ ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን የመጣችው በአንድ የክር ፋብሪካ ሥራ አግኝታ ሲሆን፣ ፋብሪካው የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን እንዳለው ስትሰማ ከሥራው በላይ በዚያ ደስ አላት። ከተማሪነቷ ጀምሮ መዳፏ ከባድ ነው፤ የመታችውን ኳስ የሚመልስ አልነበረም። ክፋቱ ቁመቷ አጠር ያለ ነው። የቡድኑ አሰልጣኝ ይትባረክ ገና እንዳያት፣ «አንቺ ከኋላ ሆነሽ ኳስ መሬት እንዳይነካ ጠብቂ፤ መረቡን ለረጃጅሞቹ ተይላቸው» አላት። እሺ አለች። ሆዷ ግን እሺ አላለም።

ይህን የሆዷን የምታውቀው ባዩሽ ብቻ ነበረች። ባዩሽ የቡድኑ ኳስ አንሺ ናት፤ ኳሱን ከመረቡ በላይ አንስታ ለመቺዎቹ የምታመቻቸው እሷ ነች። ጠባሴ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው ይኖራሉ፣ አንድ ፈረቃ ይገባሉ፣ አንዷ ሳትመጣ ሌላዋ እህል አትቀምስም። የማያውቃቸው ሰው እህትማማቾች ያደርጋቸው ነበር።

«ቁመት ባይጨመር ዝላይ ይጨመራል» አለቻት ባዩሽ አንድ ቀን ከልምምድ ሲመለሱ። «የማውቀው ሰው አለ።»

ሰውየው ኤርሚያስ ይባላል፤ ከሐዋሳ መጥቶ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስፖርት የሚያስተምር፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ዛሬም ያልተዋጠለት፣ በሹራብ ላይ ካፖርት የሚደርብ መምህር ነው።

«እስካሁን እንዴት ነበር የምትለማመጂው?» አላት።

«በየቀኑ እዘላለሁ፣ መምህር። ቅልጥሜን እስኪያመኝ።»

«ለዚህ ነዋ የማይጨምርልሽ! መጀመሪያ እግርሽ ይጠንክር። ከዚያ ትዘያለሽ።»

ኳስ ሳያስነካ ቁጢጥ ብሎ መነሳት አስጀመራት። መጀመሪያ ባዶዋን፣ ሲለምድላት አሸዋ የሞላ ከረጢት ትከሻዋ ላይ ጭና። ከእንጨት ሣጥን ላይ በአንድ እግሯ ብቻ እንድትወጣ፣ ባቷ እንዲጠነክር ደረጃ ጠርዝ ላይ ቆማ ተረከዟን ከፍ ዝቅ እንድታደርግ አዘዛት። ዘላ ስትወርድ ደግሞ ጉልበቶቿ ወደ ውስጥ እንዳይገቡ፣ እግሮቿም መሬት ሲረግጡ ድምፅ እንዳያሰሙ ይቆጣጠራል። «ድመት ከአጥር ስትወርድ ሰምተሻት ታውቂያለሽ? አትሰሚያትም» ይላታል። ከሁሉ የከበዳት ዕረፍቱ ነበር። አንድ ቀን ከሠራች በማግሥቱ እግሯን እንድታሳርፍ ያስገድዳታል፤ እሷ ቀን የባከነ ይመስላታል፤ እሱ ግን እግር የሚጠነክረው በዕረፍቱ ነው ብሎ አይሰማትም።

ሜዳው ጠዋት ጠዋት ውርጭ ያዘለ ነው። ሣሩ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ባዩሽ አንድም ቀን አልቀረችም። ማስተዋል ሣጥኑ ላይ ስትወጣ ወገቧን ትይዛለች፣ ከረጢቱን ታሸክማለች፣ ግድግዳ ላይ ጣቷ የደረሰበትን በከሰል ታሰምርላታለች። መስመሩ ከፍ ባለ ቁጥር ከማስተዋል ይልቅ የምትጨፍረው እሷ ነበረች።

በዓመቱ ይትባረክ ራሱ ማስተዋልን ከኋላ አንስቶ መረቡ ሥር አቆማት። ባዩሽ የፈጣን ኳስ ጨዋታ ያስጀመረቻት ያኔ ነው። በዚህ ጨዋታ መቺዋ ኳሱ ከአንሺዋ እጅ ሳይወጣ ቀድማ አየር ላይ መሆን አለባት፤ ካመነታች አበቃ።

«ኳሱን አትጠብቂ፣ ዝም ብለሽ ዝለይ» አለቻት ባዩሽ። «እጅሽ ላይ አመጣልሻለሁ።»

ማስተዋልም ዘለለች። ኳሱም መጣ። ከዚያ ወዲያ ዓይኗን ጨፍና ብትዘልም የሚመጣላት መሰላት።

ወሬው አዲስ አበባ ደረሰና አንድ ክለብ አሰልጣኙን ወይዘሮ ንጋቷን መቺ እንዲመርጡ ላከ። የመጡት ቡድኑ ከደብረ ሲና ልጆች ጋር በገጠመበት ቀን ነው። የደብረ ሲና ደጋፊ ጣርማ በርን በጭጋግ አቋርጦ በአይሱዙ ተጭኖ መጥቷል፤ ሜዳው ጢም ብሏል። ማስተዋል ጫማዋን ሁለት ጊዜ ፈትታ አሰረች።

ጨዋታው ተጀመረ። የመጀመሪያው ኳስ ለባዩሽ ተመቻችቶ ደረሳት። ማስተዋል ተንደርድራ ዘለለች፤ ክርኗ ከመረቡ በላይ እስኪያልፍ ተነሣች፣ እጇን ወደ ኋላ ሳበች። ኳሱ ግን ከባዩሽ ጀርባ አልፎ በሌላኛው ጫፍ ወዳለችው መቺ ወደ ሰላም ሄደ። ሰላም መትታ አገባች። ማስተዋል አጨበጨበች። ተከላካይን ማታለል ያለ ነው።

ደግማ ዘለለች፤ ኳሱ ለሰላም ሆነ። ሦስተኛው ወደ እሷ ቢመጣም ዝቅ ብሎ መረቡ ላይ የተለጠፈ ነበርና የደብረ ሲናዎቹ እጅ መልሶ ፊቷ ላይ ጣለው። «ምነው ባዩ?» አለቻት። ባዩሽ ወደ ሌላ ዞረች። ከዚያ በኋላ ማስተዋል በባዶ አየር ላይ ስትወጣና ስትወርድ ዋለች። ከተመልካች መሀል አንዱ፣ «ልጅቷ የምትዘለው ዝንብ ልትይዝ ነው?» ብሎ ጎረቤቱን አሳቀ።

ጨዋታው አልቆ ወይዘሮ ንጋቷ መኪናቸው ውስጥ ሊገቡ ሲሉ ማስተዋልን አዩአትና ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። «ዝላይሽ ግሩም ነው። ጉልበትሽን ግን ቶሎ ታከሚ፣ የኔ ልጅ። በጉልበት ቀልድ የለም» ብለዋት ሄዱ።

ማስተዋል ክው አለች። ጉልበቷን አሟት አያውቅም።

ነገሩን ያፈረጠችው ሰላም ናት፤ ያውም ልታመሰግናት መጥታ። «ክለቡ ሊወስደኝ ነው፤ ቦታሽን ስለለቀቅሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለቻት። «ባዩሽ ትናንት ነገረችኝኮ፤ ጉልበትሽ ስለታመመ ኳሱ ሁሉ ወደ እኔ እንደሚሆን። ለሴትዮዋም ነግራቸዋለች። ከአንቺ ጋር የተመካከራችሁ መስሎኝ።»

ማስተዋል ቤት ስትደርስ ባዩሽ ደጅ ቁጭ ብላ ማሊያ ታጥባለች።

«ጉልበቴን ያመመኝ መቼ ነው?»

ባዩሽ ከሳፋው ቀና አላለችም። «ማን ነገረሽ?»

ሌላ መልስ ብትሰጣት ማስተዋል ለማመን ዝግጁ ነበረች።

«ለምን፣ ባዩ?»

«የክለቡን ሰዎች ቀድሜ ጠይቄያቸው ነበር» አለች ባዩሽ አረፋውን እየጨመቀች። «እኔንም ውሰዱኝ ብያቸው። አንሺ አለን አሉኝ። በዚያ ውርጭ ወገብሽን ይዤ የቆምኩት እኔ፣ ከረጢት ያሸከምኩሽ እኔ። አንቺ እዚያ ሲጨበጨብልሽ እኔ እዚህ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ልቅር?»

«ታዲያ ሰላምስ እየሄደች አይደል?»

«ሰላም ብትሄድ አይቆጨኝም።»

ማስተዋል አልፋት ወደ ክፍሉ ገባች። ልብሷን በፌስታል ሰብስባ ወጣች።

ለወይዘሮ ንጋቷ ደወለች። እሳቸው ጨዋ ሰው ናቸው፤ እስከ መጨረሻው አዳመጧት። ግን ቦታው ሞልቶ ነበር፤ ነገሩንም ያመኑ አይመስሉም። «ጓደኛ በጓደኛዋ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ትፈጥራለች?» አሉ። ማስተዋል ጎረቤላ ወርዳ ለእናቷ ስትነግራቸው፣ «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አሉ፤ ደግመውም አላነሱባት።

ስትመለስ ሌላ ጉድ ጠበቃት። ዝላይዋ ጠፋ። ኤርሚያስ ግድግዳው ሥር አቁሞ ፈተናት፤ ጣቷ የድሮው ቦታ ይደርሳል። «እግርሽ ምንም አልሆነም» አላት ግራ ገብቶት። ሜዳ ውስጥ ግን ኳሱ ከባዩሽ እጅ መውጣቱን ሳታይ እግሯ ከመሬት አልነሣ አላት። ስታየው ደግሞ አልፏል። ይትባረክ ይጮህባታል፤ እሷ ታፍራለች፤ ባዩሽ ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች።

ባዩሽ በዓመቱ ደብረ ሲና ባል አግብታ ሄደች። በእሷ ቦታ ወለተሐና የምትባል ቅን ልጅ ገባች። ማስተዋል፣ «ለእኔ ከፍ አድርገሽ በዝግታ አንሺልኝ» አለቻት። በዝግታ በተነሣው ኳስ ቡድኑን የምትጠቅም ደህና መቺ ሆና ቀረች፤ አዲስ አበባ የሚወስዳት ሰው ግን ዳግም አልመጣም።

ባለፈው ፋሲካ ስልኳ ጮኸ። ባዩሽ ነበረች። የበዓል ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ስለ ልጇ አወራቻት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይቅር አልሽኝ ወይ?» አለች።

ማስተዋል የፋብሪካ ጋዋኗን ከምስማሩ አወረደች።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለቻትና ስልኩን ዘጋች። ፈረቃዋ ደርሶ ነበር።