«አውርድ» አልለውም

ካርቱምን የለቀቅነው ጎህ ሳይቀድ ነው። ልጄ ሳባ መድፍ በተተኮሰ ቁጥር የምትሸክፈውን ሻንጣ ጥላ ግድግዳ ትጠጋለች፤ እኔን ግን መድፉ አላስደነገጠኝም። የፈራሁት አዲስ አበባን ነበር። በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን እስር ቤት እኔንና ታናሽ ወንድሜን ዳዊትን ወስዶ እኔን ብቻ መለሰ፤ ሱዳን የገባሁትም ከዚያ በኋላ ነው። እናንተ የካርቱም ጎረቤቶቼ፣ ለምን በሬን ከፍቼ እንደምተኛ ስትጠይቁኝ በሙቀቱ እያሳበብኩ ኖርኩ።

ሳባ ከባሏ ጋር ወደ ካይሮ፣ እኔ በመተማ ወደ አገሬ። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ተከራየሁ። እዚህ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ፉሉም እንደዚያኛው አይጥም፣ በሙቀት ማሳበብም ቀረ። ሳረጅ ይለቀኛል ያልኩት ነገር ባሰብኝ። የትናንቱን ምሳ እረሳለሁ፤ እኔና ዳዊት የተቆለፈብንን የዚያን ክፍል ሽታ ግን አልረሳሁም። አከራዬን የመኝታ ቤቱን ቁልፍ ንቀልልኝ አልኩት።

«እናቴ፣ ሰው ቁልፍ ጨምርልኝ ይላል እንጂ! ሌባ ቢገባብዎትስ?»

«ሌባ ሰርቆ ይሄዳል፤ ምን አስጨነቀህ?»

ሳቀና ነቀለው፤ ለጎረቤቱም ሁሉ አወራ።

በእድራችን ስብሰባ ላይ ግን ሊቀመንበሩ ሲናገር ድምፁን አወቅኩት። ሰው ሁሉ የሚያከብረው ጋሽ ደምሴ የዚያን ጊዜው የቀበሌያችን መርማሪ ነበር። ውስጥ እግሬን የገረፈኝ እሱ ነው። ዕድሜ ልኬን የሸሸሁት ሰው ስለ ድንኳን ግዢ ያወራል! ተነስቼ በሰው ሁሉ ፊት ሥራውን ተናገርኩ። አልካደም።

በሳምንቱ ሽማግሌ ላከብኝ። የሰፈራችን ቄስ መምሬ ሁለት ጎረቤቶቼን አስከትለው ገቡ። ተቀመጡ ስላቸው «እሺ ካላልሽን አንቀመጥም» አሉ።

«እንግዲያው ቁሙ» አልኩና እኔ ተቀመጥኩ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን እንዴት ደስ እንዳለኝ!

«ልጄ፣ እሱም አርጅቷል። ይቅር ለእግዚአብሔር በይ፤ ውጭ ቆሟል» አሉ መምሬ።

ወጣሁ። ጋሽ ደምሴ እንደ ወጉ በትከሻው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ደረጃው ላይ ቆሟል። ተበዳይ አውርድ ካላለው አያወርድም።

«ዳዊትን የት ቀበራችሁት?»

«እትዬ አልማዝ… ብዙ ነበሩ። አላስታውስም።»

«እስክታስታውስ ተሸከም።»

መምሬ «ስለ እመብርሃን!» እያሉ ለመኑኝ። ሰውዬው እየተንገዳገደ ድንጋዩን ከትከሻ ትከሻ ሲያዛውር ሳይ አንጀቴ ራሰ፤ አልዋሻችሁም። የዳዊትን አጥንት ግን አላገኘሁም። እናቴም ልጇን ሳትቀብር ነው የሞተችው።

ሰውዬው እንደቆመ ሳባ ከካይሮ ደወለች፤ ነገርኳት።

«እማዬ፣ ሽማግሌ እኮ ነው! ቢወድቅስ?»

«ይነሳል» አልኳት። «እኛም ስንወድቅ ተነሱ እንባል ነበር።»