ከአለቃ ፊት አይታለፍም

የወንድሜ የለስተር ሚስት ኮርኔሊያ ስትፈራ ትስቃለች። ፈገግ ማለት እንዳይመስላችሁ፤ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ነው የምትንከተከተው። መጀመሪያ ፈረስ ላይ ያየኋት ቀን በመስኮቴ ፊት እየተንከተከተች ስታልፍ፣ እንዴት ደስ ብሏታል ብዬ እጄን አወዛወዝኩላት። ለካስ ፈረሱ አልታዘዝ ብሎ ይዟት እየሄደ ነበር።

እዚህ ዋዮሚንግ የመጣችው በሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት ሜሪላንድ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡሶችን ስታሰማራ ኖራለች። የትኛው ሾፌር የት እንደደረሰ፣ የትኛው ልጅ ጓንቱን የት እንደጣለ ሳታውቅ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። ለስተር ለጓደኛው ሰርግ ወደዚያ ሄዶ ተመለሰና አንድ ሳምንት ሙሉ ስለ አገሩ ዝናብ ብቻ አወራልን። በሦስተኛው ወር አግብቷት መጣ። ያን ጊዜ ነው ዝናቡ ዝናብ እንዳልነበረ የገባኝ።

ፈረስ እችላለሁ ብላ ነበር የመጣችው፤ አልዋሸችም። ሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ተምራለች፣ ግን የእንግሊዞቹን አጋላለብ። ኮርቻዋን ይዛ መጥታ ስታሳየኝ የመጥበሻ መክደኛ መስሎኝ ነበር። በዚያኛው አጋላለብ ዛቡ፣ የልጓሙ ጠፍር፣ በሁለት እጅ ይያዛል፤ ጋላቢዋ እጇን ከፈረሱ አፍ አታላቅቅም፣ እግሯንም ከሆዱ አታርቅም። ሶምሶማ ሲሆን ደግሞ ከኮርቻው ላይ ብድግ ቁጭ ትላለች። የእኛ ፈረሶች የተማሩት ሌላ ነው። ዛቡን ላላ አድርገሽ በአንድ እጅ ትይዣለሽ፣ አንገቱን ነካ ሲያደርገው ይዞራል። ከዚያ ወዲያ ተይው፣ ሥራውን ያውቃል። እግርሽን ከጫንሽበት ሂድ ማለትሽ ነው፤ አፉን ከሳብሽው ቁም ማለትሽ ነው። ኮርኔሊያ ስትፈራ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ታደርጋለች። የሰጠናት ፈረስ ሲራመድ ራሱን እየነቀነቀ የሚያስተምር ስለሚመስል ሰባኪው ይባላል፤ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ትዕግሥት ያለው እንስሳ ነው። በመስኮቴ ያለፈ ቀን ግን ሂድና ቁም ሲደባለቁበት ጥቂት አሰበና ሂድን መረጠ።

እኛ ዘንድ በጸደይ ጥጆቹ በጋለ ብረት ምልክት ይተኮስባቸዋል። ጎረቤቱ ሁሉ ፈረሱን ጭኖ ይመጣል፣ ጎህ ሲቀድ ወጥተው ከብቱን ከየሸለቆው አሰባስበው ወደ በረት ያስገባሉ። የማይጋልብ ደግሞ ከእኔ ጋር ምግብ ይሠራል። አርባ ዓመት ይህን ሁሉ ሰው ያበላሁት እኔ ነኝ፤ ረዳት የሆነ ሰው በሁለተኛው ዓመት ይጠፋል። ኮርኔሊያ ድንች ስትልጥ እጇ አይታይም። እግዜር ላከልኝ ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ጸደይ አንድ ቀን ቢላዋዋን አስቀመጠችና፣

«ኤታ፣ እኔ ድንች ልልጥ አይደለም ያገባሁት» አለችኝ።

«ታዲያ ማን ይላጠው?»

«ለስተር ጠዋት ወጥቶ ማታ ይመጣል። የሚውልበትን ቦታ የማውቀው በዚህ መስኮት በኩል ነው። አንድ ቀን አብሬው ብውል ምን አለ?»

ተናደድኩባት። ከዚያ አየኋት፤ አልሳቀችም። የምሯን ነበር።

አለቃው ታላቃችን ኦሪን ነው። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፣ በቀን የሚናገረው ቃል በጣት ይቆጠራል። ወንድሙን ብታገባም ኮርኔሊያ እንደ ሠራተኞቹ «አለቃ» ትለዋለች፤ አንተ ብላው አታውቅም። ሄዳ ጠየቀችው።

«ሦስት ሳምንት አለሽ» አላት። «በአንድ እጅ መያዝ ልመጂ። አንድ ነገር ደግሞ ስሚኝ። ከእኔ ፈረስ ፊት እንዳታልፊ። ካለፍሽ ከዚያ ወዲያ ቦታሽ የኤታ የምግብ መኪና ላይ ነው።»

«ፈረሱ ይዞኝ ካለፈስ?»

«እኔ የማውቀው ማለፉን ነው።»

ክፋት አይደለም። በእኛ አገር ሜዳ ላይ ከአለቃ ፊት ማለፍ ሰው ቤት ገብቶ ከባለቤቱ ቀድሞ ማዕድ እንደ መቁረስ ነው። ልጆቻችን ከመጋለባቸው በፊት ይህን ይማራሉ።

ሦስቱ ሳምንት ለእኔ የሳቅ ሳምንታት ነበሩ። የቀኝ እጇ ነገር አልሆን አለ፤ ዛቡን ትለቀውና ሳታውቀው ተመልሳ ትይዘዋለች። ለስተር «እጅሽን ሌላ ሥራ ስጪው» ቢላት ወጥ ቤት ገብታ ጭልፋዬን አንሥታ ወጣች። ጭልፋውን እንደ ሰይፍ ይዛ በረቱን ስትዞር እኔ ቦሎቄውን በቡና ስኒ ነበር የማወጣው። ጎረቤታችን ዎልት በአጥሩ ላይ ተደግፎ በሶምሶማ ብድግ ቁጭ ስትል አያትና፣

«ምነው ኮርኔሊያ፣ ኮርቻው ይፋጃል እንዴ?» አላት።

«እስኪበርድ እየጠበቅሁ ነው» አለችው፣ ሳቋ እየቆራረጣት።

ቢሆንም ነገሩ ገባባት። ተቀምጣ ለመጋለብ ወሰነች። ማታ ማታ ወንበር ላይ ትራስ ደርባ ነበር የምትቀመጠው፤ እኔም በረዶ በጨርቅ ጠቅልዬ እሰጣት ነበር። ግን ተማረችው። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ጭልፋዬ ተመለሰልኝ።

ቀኑ ደረሰ። የጠዋቱን ለስተር ነው የነገረኝ። ኦሪን እንደተለመደው ሳይናገር ፈረሱን በረጅም ሶምሶማ ለቀቀው፤ አሥራ አንድ ጋላቢዎች ተከተሉት። ሩቅ መንገድ በሶምሶማ ሲሆን ማን ቁጭ ብሎ ወገቡን ይሰብራል? ሁሉም እርካባቸው ላይ ብድግ ቁጭ ማለት ጀመሩ፣ ዎልትም ጭምር። ኮርኔሊያ አየቻቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የተሰቃየችበትን አሰበች።

«ዎልት» ብላ ተጣራች። «ኮርቻው ይፋጃል እንዴ?»

ኦሪን ዞር አላለም፤ ትከሻው ግን ሲንቀጠቀጥ አየሁት ይላል ለስተር። ከዚያ በኋላ እሷም ብድግ ቁጭ እያለች ከሁሉም ይልቅ አምሮባት ሄደች።

እኔ ምግቡን ጭኜ ፒክአፔን ከበረቱ በላይ ካለችው ጉብታ ላይ አቁሜ ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆይተው ከብቱን እየነዱ በአቧራ ውስጥ መጡ። ኮርኔሊያ የጀማሪ ቦታ፣ ከኋላ ነበረች፤ ፊቷ በጨርቅ ተሸፍኖ ዓይኖቿ ብቻ ይታያሉ። ኦሪን ከግራ በኩል፣ በሩ አጠገብ ሆኖ የሚገቡትን ይቆጥራል። ሁለት መቶ የሚሆኑት ገብተዋል።

በዚህ መካከል አንዲት ቀይ ላም ከኋላ ተገነጠለችና በግራ በኩል ወደ ወንዙ ሮጠች። ሌሎች ሦስት ላሞች ቀና ብለው አዩዋት። ለመከተል እያሰቡ እንደሆነ ከጉብታው ላይ እንኳ ይታወቅ ነበር። ሰባኪው ከሰው በፊት ነው ያያት፤ ጆሮውን አቁሞ ተወረወረ። ላሟ በኦሪን ፊት አለፈች። ለመመለስ በኦሪን ፊት ማለፍ ግድ ነበር።

ኮርኔሊያ ይህን አወቀች። ቀኝ እጇ ተመልሶ ዛቡን ሲይዝ አየሁት። ሁለት እጅ፣ ልክ እንደ ቅዳሜ ትምህርቷ። ሰባኪው ከአለቃው ፈረስ አፍንጫ አንድ እርምጃ ሲቀረው ቀጥ አለ። ላሟ ራቀች። ሦስቱ ላሞች ዞሩ። አርባ ዓመት ረዳት ስፈልግ የኖርኩት ሴትዮ፣ ያን ደቂቃ ረዳቴን እንዳጣ ተመኘሁ።

ለቀቀችው። ዛቡን አንገቱ ላይ ጣለች፣ ከኮርቻው ፊት የቆመችውን ቀንድ በሁለት እጇ ጨበጠች፣ እግሯን አላላች። ሰባኪውም በኦሪን አፍንጫ ሥር አልፎ በረረ። እሷ ምንም አላደረገችም፤ ላዩ ላይ መቆየት ብቻ። ሳቋ ጉብታው ድረስ ተሰማ። ላሟ ወደ ቀኝ ስትል ፈረሱ ቀድሟት ነበር፣ ወደ ግራ ስትልም እዚያው ነው። ሲሰለቻት ተመለሰች፤ ሦስቱም አብረዋት ገቡ። በሩ ተዘጋ።

ኦሪን ከፈረሱ ወርዶ ወደ ጥጆቹ ሄደ። ሌሎቹም ተከተሉት። ኮርኔሊያ ፈረሷን አሥራ በእግሯ ወደ እኔ ወጣች፤ ሽርጧን አሠረች፣ ጭልፋውን አነሣች።

«አለፍኩት» አለች።

«አየሁ።»

«ድንቹ ተልጧል?»

«ተልጧል።»

ጥጆቹ ተተኩሰው እስኪያልቁ ወደ በረቱ ዞር ብላ አላየችም።

ምግብ ሲደርስ እንደ ልማዳችን ሰልፉ ከአለቃው ይጀምራል። ኦሪን ባርኔጣውን አውልቆ ሳህኑን ይዞ መጣ። እሷ ቦሎቄውን ጨልፋ ዘረጋችለት። ሳህኑን አላቀረበም።

«ጭልፋውን ስጪኝ» አላት።

ሰጠችው። ሳህኑን በእጇ አስያዛት።

«ላም የሚመልስ ሰው ማንንም ያልፋል» አለ።

«ይህን ለምን አልነገሩኝም?»

«ፈረሱ ነገረሽ አይደል? በይ እለፊ።»

«ከፊትዎ?»

«ከፊቴ።»

ወንድሜ በሕይወቱ ለሰው ምግብ አውጥቶ አያውቅም፤ ግማሹን ቦሎቄ ጫማዋ ላይ አፈሰሰው። ከሰልፉ ዎልት እንኳ ባርኔጣውን አወለቀ። የእኔ እንባ ያኔ ነው የመጣው፣ በጭሱ አሳበብኩ። ለሚመጣው ጸደይ ድንቹን ብቻዬን እንደምልጥ ያወቅሁትም ያኔ ነው።

ኮርኔሊያ ሳህኗን ይዛ ጋላቢዎቹ ሣሩ ላይ ወደተቀመጡበት ሄደች፤ ለስተር ጎን ዘጭ ብላ ተቀመጠችና ያን ሳቋን ለቀቀችው። ለስተር ደንግጦ እጇን ያዘ።

«ደግሞ ምን አስፈራሽ?»

«ምንም» አለችው። «ይሄኛው ሳቅ ነው።»