መልስ የሚሰጠው መሪ

ባሌን የሰፈሩ ሰው ጋሽ ፊውዝ ነው የሚለው። ሬድዮ ጠጋኝ ነው፤ የተበላሸ ዕቃ ይዘው ሲመጡ ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ «ፊውዙ ይሆናል» ይላል። ቶሎ የምቃጠለው ግን እኔ ነኝ። እሱማ ቤቱ በእሳት ቢያያዝ መጀመሪያ ጫማውን ፈልጎ፣ አጥልቆ፣ ማሰሪያውን አስሮ ነው የሚወጣው።

ልጃችን በሞተር ሳይክል ወጥቶ አልተመለሰም። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ፍጥነት ሲያይ ልቡ ይጠፋ ነበር። የሞተሩ አልበቃው ብሎ በሪሞት የምትነዳ የውድድር መኪናም ነበረችው። ከጫማ ካርቶን እምብዛም የማትበልጥ፣ ጎማዋ ጥርስ ያለው፣ አቧራ ላይ እንደ ፌንጣ የምትዘል ናት። እሑድ እሑድ ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ ያወዳድራታል፤ ስትገለበጥ ሮጣ የምታነሳለት እህቱ ነበረች። ከቀብሩ በኋላ ባሌ መኪናዋን ወደ ሥራ ክፍሉ አስገብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። እኔ ሆድ ይፍጀው አልኩ። ስለ ልጄ ያነሳብኝን ሰው ሁሉ ጥዬው እወጣ ነበር።

አንድ ቀን ምሳውን ይዤለት ስገባ መኪናዋን አብርቷት ቁጭ ብሏል። «እንዴት ዋልክ ልጄ?» አላት። የፊት ጎማዎቿ ዝዝዝ ብለው ወደ ቀኝ ዞሩና ተመለሱ። ማንም አልነካትም። ሁለት እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር።

«ኧረ በሕግ አምላክ!» አልኩ፤ ሳህኑን ልለቀው ምንም አልቀረኝ።

«አትደንግጪ» አለኝ፣ ፊቱ በርቶ። «ይመልስልኛል። ቀኝ እሺ ነው፣ ግራ እምቢ።»

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ቤት መሆኑ ቀረ። በጠራራ ፀሐይ እንኳ በዚያ ክፍል ደጃፍ ሳልፍ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ያቺን ዝዝዝ የምትል ድምፅ ላለመስማት ድስት እያማሰልኩ ጮክ ብዬ አወራለሁ፤ ለብቻዬ ማለት ነው። ድምፁ ሲጠፋ ደግሞ ጆሮዬን እቀስራለሁ። የሰው ሬድዮ አቧራ ጠጥቶ ተደረደረ። ደንበኞች መጥተው ይቆጡኛል፣ እኔም እቆጣቸዋለሁ፣ እሱ አይሰማም።

ልጅቷ አንድ ቀን ቆርጣ ተነሳች። «አባዬ፣ መኪናዋን እኔ ልወዳደርባት። ውስጧን ቀይርልኝ» አለችው። እውነቷን ነው። መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ የሚሉት ትንሽ ሞተር ጥርሱ አልቋል፤ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚሰማው መቀበያም መኪናዋ ራቅ ካለች ይደነቁራል። ባሌ ሥራ ሲባል ነፍሱ መለስ አለችና ዕቃ መምረጥ ጀመረ። ሰውዬው እኔን ሲያጭ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀም! ይሄ ሰርቮ ጉልበት አለው ግን ቀርፋፋ ነው፣ ያኛው ፈጣን ነው ግን ባትሪውን ይጨርሳል፤ ይሄ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ሞተሩ የሚስበውን ኃይል አይችልም፣ ይቃጠላል። «መጀመሪያ መሪ ነው» ይላታል። «መሪውን ያላመንሽውን መኪና አታፍጥኚ።» እሷም ትከራከረዋለች። እንዲያ ሲጨቃጨቁ ስሰማ ደስ አለኝ።

ዕቃው መጣ። ታዲያ አዲሱ መቀበያ የሚሰማው አዲሱን ሪሞት ብቻ ነው፤ አሮጌው መቀበያ ከወጣ የልጄ ሪሞት ቢጮህ ቢጮህ ሰሚ የለውም። ባሌ ይህን አስረዳንና ካርቶኑን ከነፕላስቲኩ መደርደሪያው አናት ላይ ሰቀለው። ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ ሆነ።

«እዚህ ቤት የሞተውን እንጂ ያለሁትን የሚያናግር የለም» አለች ልጅቷ። «እስከ እሑዱ ውድድር ካልተገጠመ አክስቴ ጋ እሄዳለሁ። ሌላ ሥራም እዚያው አግኝቻለሁ።» አባቷ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያያል።

ልቆጣት ተከትያት ክፍሏ ገባሁ። የእሷን ክፍልና የሥራ ክፍሉን የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። አልጋዋ ላይ የወንድሟ ሪሞት ተቀምጧል፤ መብራቱ በርቷል።

«አንቺ ነሽ?» አልኳት።

«ከሥራ ለምሳ በመጣሁ ቁጥር ብቻውን ሲያወራ እሰማዋለሁ፤ አንጀቴ አልችል አለ እማዬ። አንድ ቀን መለስኩለት፤ ከዚያ ማቆም አቃተኝ። አሁን ግን ደከመኝ። እኔ እህቱ ነኝ እንጂ እሱን መሆን አልችልም።» ሪሞቱን እጄ ላይ ጥላልኝ ወጣች።

ልጮህ ነበር። ግን የሪሞቱ ትንሽ መሪ የለበሰው ስፖንጅ የልጄ ጣት ባረፈበት ቦታ ጎድጉዷል። ጣቴን አስገባሁበት። ከግድግዳው ወዲያ ባሌ «ልጄ» አለ፣ «ልቀይረው? እህትህ ትንዳት?»

እጄ መሪውን ወደ ግራ አዞረ።

«እሺ» ሲል ሰማሁት። «እሺ፣ አልነካውም።» እኔ ነኝ እንግዲህ፣ ሙት ተነስቶ አያወራም እያልኩ ስደነፋ የኖርኩት፣ ሪሞቱን እቅፍ አድርጌ የቀረሁት። ልጄ በእጄ ያለ መሰለኝ። ከዚያም በኋላ ልጅቷ ሥራ ስትሄድ ክፍሏ እየገባሁ፣ «እንዴት አደርክ» ባለ ቁጥር መለስኩለት። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እንዲህም ፈርቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ልጅቷ ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ አናት አወረደች። አልተጣላችም፣ አላለቀሰችም፤ ልብሷን እያጠፈች ትከታለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። አንዱን ቀብሬ ሌላዋን ልሸኝ! በሩን ተደግፌ እያየኋት ሳለ ከወዲያ በኩል ድምፁ መጣ።

«ልጄ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ደግሜ ልጠይቅህ። ልቀይረው?»

ልጅቷ ማጠፏን አቆመችና አየችኝ። ሪሞቱን አነሳሁ። መሪውን ወደ ቀኝ እስኪያቆም ድረስ አዞርኩትና እዚያው ያዝኩት። «እርግጠኛ ነህ?» አለ። አልለቀቅኩም።

ከዚያ ብሎን ሲፈታ ሰማሁ። ሽቦ ሲነቀል ድምፅ የለውም፤ መቼ እንደነቀለው አላወቅኩም። ቆይቼ መሪውን ግራ ቀኝ አዞርኩት። ምንም። ደግሜ አዞርኩት። ያኔ ገና ልጄ መሞቱ ገባኝና እሪ ብዬ አለቀስኩ፤ ልጅቷ ልብሷን ጥላ አቀፈችኝ።

እሑድ መኪናዋ በረረች። አንደኛ አልወጣችም፤ የመጨረሻው ኩርባ ላይ ተገለበጠች። ሮጠን ያነሳናት እኔና አባቷ ነን፤ ሮጠን ካሉት፣ ጉልበቴን እየረገምኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ልጅቷ መኪናዋን ታቅፋ ፊት ፊት ትሄዳለች። «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሬድዮ ስጠግን ኖሬ፣ ያለ ሪሞት መሪ እንደማይዞር ይጠፋኛል? በፊት ልጅቷ ነበረች። ኋላ አንቺ ሆንሽ።»

«አውቀህ ነው እንዴ ልጄ፣ ልጄ እያልክ እኔን የምትጠይቀኝ?» እዚያው መንገድ ላይ ልፈነዳ ነበር።

«በእሱ በኩል ካልሆነ መች ትመልሺልኝ ነበር? ስሙን ባነሳሁ ቁጥር ጥለሽኝ ትወጫለሽ።»

ትንሽ እንደሄድን ክንዴን ያዘኝ።

«ግራ ያዞርሽ ቀን ግን» አለኝ፣ «እባክሽ ግራ በይ፣ ግራ በይ እያልኩ በሆዴ ስለምንሽ ነበር።»

«አሁንስ?»

ልጅቷን አሻግሮ አያት።

«አሁንም ልቤ ግራ ይላል» አለኝ።