ጠረጴዛ የሌለው ሰርግ

የእህቴ ባል ሐጂ መትወሊ ግብፅ፣ ማሐላ ከተማ ውስጥ ድንኳን ተካይ ናቸው። ሰርግም ይሁን ለቅሶ፣ መንገዱን ዘግተው ምሰሶ የሚያቆሙት፣ ቀዩን ሸራ የሚወጥሩት፣ ወንበርና ጠረጴዛ የሚያከራዩት እሳቸው ናቸው። እኔ የወንበሮቹን ልብስ እሰፋላቸዋለሁ። የምጽፈው እንደምናገረው ነው፤ ከዚያ በላይ አልችልበትም።

ሐጂን የሚያበሳጫቸው አንድ ነገር አለ። እኔን ደግሞ የሚያበሳጩኝ እሳቸው ናቸው።

በኛ ሰፈር ሙሽራን ጓደኞቹ ይሸልሙታል። ሽልማቱ ትራማዶል ነው፣ ያ የሕመም ማስታገሻ ክኒን። ሲያቅፉት መዳፉ ውስጥ ያስቀምጡለትና «ዛሬ ወንድ ሁን» ይሉታል፣ ይሳሳቃሉ። አልፈልግም ማለት ሰጪውን በጥፊ ከመምታት አይለይም። ሌላው ወጣት ጠረጴዛ ከቦ ይቀመጣል፤ ከለስላሳው ጎን ሐሺሽ በሳህን ይዞራል። ደጋሹ ነው ያቀረበው፣ እንግዳ ደግሞ የቀረበለትን አይገፋም። ሱቁ ውስጥ ለጎረምሳ ሲጋራ የማይሸጥ ሰው የልጁ ሰርግ ላይ ይሄንን በነፃ ያድላል። ሐጂ «በኛ ሰፈር ሱሱን በራሱ ገንዘብ የጀመረ አንድ ሰው አሳዩኝ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የወንድማቸው ልጅ አሽረፍ በሰርጉ ዕለት በተሸለመው ክኒን ነው የጀመረው፤ ዛሬ የሚስቱን ማቀዝቀዣ ሸጦ ጨርሶ ወደ ልብስ ማጠቢያው ተሸጋግሯል።

ስለዚህ የልጃቸው የወግዲ ሰርግ ሲደርስ ሐጂ እንቅልፍ አጡ። ልጁ እንደ አሽረፍ እንዳይሆንባቸው ነው ፍርሃታቸው።

«ከገሪብ እጅ ምንም እንዳትቀበል» አሉት። ገሪብ የሚኒባስ ሾፌር ነው፣ የወግዲ የልብ ጓደኛ።

«አባዬ፣ ጆሮዬ እስኪደነቁር ነገርከኝ።»

«ታዲያ ምን አሰብክ?»

«ምን ላስብ? ጓደኛዬን በሰርጌ ቀን ላዋርደው?»

«አሽረፍም እንደዚሁ ነበር ያለው።»

«እኔ አሽረፍ አይደለሁም።»

«አሽረፍም ድሮ አሽረፍ አልነበረም።»

የሰርጉ ዕለት ሐጂ ወንበሮቹን በመስመር በመስመር ሲደረድሩ እህቴ እንሳፍ ሩዝ ስታጥብ ቆይታ እጇ እንደ ረጠበ ወጣች።

«የወግዲ አባት፣ ጠረጴዛዎቹስ?»

«የሉም።»

«እንዴት ነው የሚጠፉት? የአገሩን ጠረጴዛ የምታከራየው አንተ።»

«ጠረጴዛ ካለ ሳህን ይቀመጥበታል። ከሥሩም እጅ ለእጅ ይቀባበላሉ። ሁሉም በመስመር ይቀመጥና እጁ ይታየኝ።»

«ሰርግ ነው ፈተና?»

ሐጂ መደርደራቸውን ቀጠሉ። እኛ ዘንድ ወንበር ያለ ጠረጴዛ በመስመር የሚደረደረው ለለቅሶ ነው። ይህን ከሐጂ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ዕድሜ ልካቸውን የደረደሩት እሳቸው ናቸው። ንዴት ጋርዷቸው ነው እንጂ። እኔም ነገርኳቸው። «መብራት ሰቅያለሁ፣ ዕውር ካልሆነ ማን ይሳሳታል» አሉኝ። መብራቱ ግን ገና አልበራም ነበር።

መጀመሪያ የደረሱት ከአስር፣ ከከሰዓት በኋላው ሶላት፣ የተመለሱ ሽማግሌ ናቸው። ወንበሩን አዩና አንገታቸውን ደፍተው የሐጂን እጅ ያዙ።

«አላህ ያጽናችሁ። ማነው?»

«ወግዲ ነዋ» አሉ ሐጂ።

ሽማግሌው ተንሰቅስቀው አለቀሱ። ከኋላቸው የመጡት ሰዎች እሳቸው ሲያለቅሱ አይተው እነሱም ፊታቸውን አጠቆሩ። እህቴ መንገድ መሀል ወጥታ ብቻዋን እልል ባትል ኖሮ የሰፈሩ ሴት ጥቁር ለብሶ ሊመጣ ነበር።

ሰርጉ ሲጀመር ደግሞ ሐጂ ከሙሽራው ወንበር አጠገብ እንደ ዘበኛ ቆሙ። ልጁን ሊያቅፍ የመጣውን ሁሉ ቀድመው እየጨበጡ መዳፉን ይገልጣሉ።

«ሐጂ፣ መታወቂያም ላሳይ?» አለ ገሪብ።

«እጅህን።»

«ባዶ ነው። ሚኒባሱን ከገዛሁ ወዲህ ሞልቶ አያውቅም።»

ሰው ሳቀ። ሐጂ ግን አልሳቁም። ጎረምሶቹ ክሊኒክ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ተደርድረዋል፤ የሚጨፍር የለም። የሙሽራዋን ልብስ ላስተካክል ብዬ ከኋላቸው ስጎነበስ ወግዲ አባቱን ሲያናግር ሰማሁ።

«አባዬ፣ በቃ ተቀመጥ። መሳቂያ ሆንን።»

«ይሳቁ። ባዶ እጅህን ቤትህ ስትገባ እቀመጣለሁ።»

«ከጠዋት ጀምሮ እኮ ኪሴ ውስጥ ነው።»

የሐጂ ፊት አመድ መሰለ። «ማን ሰጠህ?»

«ገሪብ። አጢያ ጋ ስላጭ፣ አረፋው ፊቴ ላይ እያለ ነው የከተተልኝ።»

አጢያ ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ሱቁ ከልብስ ስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት ነው። እኛ መንገድ ሙሉ ጠረጴዛ ስናሸሽ ነገሩ አፍንጫዬ ሥር አልቋል። ጭራሽ ሲላጭ እልል ብዬለታለሁ።

«ዋጥከው?»

«አልዋጥኩም።»

«አምጣው።»

«አልሰጥህም። ዛሬ አንተ ብትቀማኝ ነገ ሌላ ይሰጠኛል፤ ነገ ደግሞ አንተ አጠገቤ የለህም።»

ሐጂ እጃቸውን እንደ ዘረጉ ቆሙ። በሙሽራዋ ፊት ኪሱን ሊፈትሹት ነው ብዬ ተሸማቀቅኩ። ኋላ እጃቸውን አወረዱና ሄደው መጨረሻው መስመር ላይ ተቀመጡ። በዚህም ተናደድኩ። ቀኑን ሙሉ የማይረባውን ሲይዙ ውለው መያዝ ያለበት ሲመጣ ለቀቁት።

ወግዲ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ተነስቶ ገሪብ ወደ ተቀመጠበት ሄደና ክኒኑን እጁ ላይ አስቀመጠለት፤ ጣቶቹንም አጠፈለት።

«ያንተ ነው። እኔ አልፈልገውም።»

አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው አልጀመረም ነበርና ሁሉም ሰማ።

«በሰው ፊት ታዋርደኛለህ?»

«ሳላዋርድህ የምመልስበትን መላ ስፈልግ ነው የዋልኩት። አጣሁ።»

ገሪብ ተነሳ። አንድ መስመር ሙሉ ተከትሎት ወጣ። ወግዲ ሙሽራዋ አጠገብ ተመልሶ ተቀመጠ። እሷም እጇን ጉልበቱ ላይ ጣል አደረገች።

እህቴ አላህን አመሰገነች። ሐጂስ? በማግስቱ ገና ሳልቀመጥ ጀመሩኝ።

«ለምን መለሰለት? ቱቦ ውስጥ አይጥለውም? ገሪብ ለሌላው ሙሽራ ሊሸልመው አይደለም እንዴ?»

«ልጅዎ ተረፈ፤ ያመስግኑ።»

«አመሰገንኩ። ሐሙስ የሚያገባውስ የማን ልጅ ነው?»

እኛ ዘንድ የሰርግ ቀን ሐሙስ ነው፤ ይኸው አሁን ሐሙስ በመጣ ቁጥር ሊላጭ የሚመጣውን ሙሽራ ሊጠብቁ ከጠዋት ጀምረው አጢያ ሱቅ በር ላይ ይቀመጣሉ።

«ሐጂ፣ ራስዎ ላይ ፀጉር የለ» ይላል አጢያ፤ «ምን ልሥራልዎ?»

«ሻይ አስመጣልኝ።»

«ደንበኛ እያሸሹብኝ ነው።»

«የሸሸውን ስሙን ንገረኝ።»

አይነሱም። ድንኳኑን ደግሞ ሐሙስ ማታ የሚፈልገው ሰው አለ። ምሰሶውን የምንጎትተው እኔና እህቴ ነን።