እንሰት ያስነቀለው ቁጥር

ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ ጊዜ፣ ሚሌኒየሙን ካከበርን ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው አትንኪ የተባልኩትን ነክቼ ስላልተጸጸትኩ ይመስለኛል።

ሶዶ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የአይሲቲ ጀማሪ ባለሙያ ነበርኩ። ባለሙያ ይባል እንጂ ሥራዬ ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት መጎተት ነበር። ሁላችንም ፕላዝማ የምንለውን የቪዲዮ ኮንፈረንስ መሣሪያ የሚነካው አለቃዬ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ስብሰባም የይግባኝ ችሎትም የሚታየው በዚያ ነበር።

ያን ዕለት አለቃዬ ለሥልጠና ሐዋሳ ሄዷል። "አብሪው እንጂ ሌላ ነገር እንዳትነኪ" ብሎኛል። ለአራት ሰዓት የተቀጠሩት ከገሱባ የመጡ ወይዘሮ አመነች የሚባሉ መበለት ናቸው። የባላቸው ወንድም ጓሯቸውን የእኔ ነው ብሎ ይዞባቸዋል። ሁለት ጊዜ መጥተው "መስመር የለም" ተብለው ተመልሰዋል። ቀጠሮው በተራዘመ ቁጥር ሰውየው እንሰታቸውን ይነቅላል።

"ልጄ፣ የቀረኝ ዘጠኝ እግር ነው" አሉኝ።

እንሰት ለመተካት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ወላይታ ውስጥ ያደገ ሰው ያውቀዋል። እሱ ካለቀ ምን ሊበሉ ነው?

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ፕላዝማውን አበራሁት። አልገናኝ አለ። ገመዱ ተሰክቷል፣ አረንጓዴዋ መብራትም ብልጭ ድርግም ትላለች። ጸሐፊዋ "ያው መስመር የለም በያቸዋ!" አለችኝ። ወይዘሮ አመነችን ሳያቸው ለሦስተኛ ጊዜ ልመልሳቸው አልፈለግኩም።

ሪሞቱን አንስቼ የኔትወርኩን ቅንብር ከፈትኩ። አድራሻው በሌላ መሣሪያ ተይዟል ይላል! አድራሻ የሚባለው እያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው ሊይዘው የሚገባ ቁጥር ነው፤ ሁለት ከያዙት ይጣላሉ። ለማረጋገጥ የፕላዝማውን ገመድ ነቀልኩና ከጸሐፊዋ ኮምፒውተር ቁጥሩን ጠራሁት። መልስ መጣ። ፕላዝማው ተነቅሎ ማን ነው የሚመልሰው? ሌባው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው አልኩ።

ቢሮ ለቢሮ እየሮጥኩ ኮምፒውተሮቹን አየሁ። ለአራት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው መዝገብ ቤት አገኘሁት፤ ለኃላፊው ለአቶ ዳና ከወይዘሮ አመነች የመጀመሪያ ቀጠሮ ጥቂት ቀደም ብሎ የመጣላቸው አዲሱ ኮምፒውተር ላይ።

"አቶ ዳና፣ ይህን ቁጥር ማን ሞላው?"

"እኔ ነኛ! ፕላዝማው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ገለበጥኩ። ምነው፣ አንድ መሥሪያ ቤት አይደለንም እንዴ? ፖስታ ሣጥን ቁጥራችን አንድ፣ ይሄም አንድ።"

ዕድሜ ልካቸውን ደብዳቤ ሲመዘግቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በእሳቸው ቤት ልክ ነበሩ። እኔ ግን ልሳቅ ወይስ ልጩህ? ለኮምፒውተራቸው ሌላ ቁጥር ሞላሁለት፤ በሩጫ ተመልሼ የፕላዝማውን ገመድ ሰካሁ፤ አጥፍቼም አበራሁት።

ዳኞቹ ጥርት ብለው ታዩ!

"ይግባኝ ባይ፣ ይሰማዎታል?"

"ይሰማኛል ጌታዬ! ዛሬስ ይሰማኛል!" ወይዘሮ አመነች ከወንበራቸው ተነስተው ቆሙ።

ዳኞቹ አዳመጧቸውና ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ አንድም እንሰት እንዳይነቀል አገዱ። ትእዛዙ በፋክስ ሲመጣ ወረቀቱን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። "ጦሳይ አንጆ" እያሉ በወላይትኛ መረቁኝ፤ ከዚያ ወደ ገሱባ መኪና ሮጡ። እንደዚያ ሲሮጡ በዕድሜያቸው ወደቁ ብዬ ፈርቼ ነበር።

አለቃዬ ሲመለስ "ማን ንኪ አለሽ?" ብሎ ተቆጣኝ። ይቆጣ! ከዚያ ወዲህ ስንቱን ቢሮ በኔትወርክ አገናኝቻለሁ፤ ምስጋናም የምስክር ወረቀትም አግኝቻለሁ። የምኮራው ግን በዚያች ጠዋት ነው። በኋላ እንደሰማሁት፣ የባላቸው ወንድም በማግስቱ መቆፈሪያውን ይዞ ሲመጣ ወይዘሮ አመነች ወረቀቱን ዘርግተው አሳዩት፤ ባዶ እጁን ተመለሰ።